ቱርቦ ከሞተ ወዲህ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ከማሉ
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ይህች ደብዳቤ በሰላም ትድረስዎ፤ ደርሳም ሰላምዎን አትንሳዎ።

ጋሼ፣ ቆመው እንደሆነ የሚያነቡት ይቀመጡ። ተቀምጠው እንደሆነ ደግሞ የሚደገፉት ነገር ይፈልጉ። ከባድ መርዶ ይዣለሁ። መርዶ ሽማግሌ ተልኮ በማለዳ እንጂ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ግን በመካከላችን ባሕር አለና ሽማግሌዎቹ መዋኘት አይችሉም። ስለዚህ ልብዎን ጠንከር ያድርጉ። በላኩልን መኪና ጭራ ላይ፣ በግራ በኩል፣ እንደ ብር ሲያብረቀርቅ የነበረው ወንድማችን "ቱርቦ" ከፖርት ሱዳን ወደ ካሰላ ሲመጣ በመንገድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። አስከሬኑ አልተገኘም። መኪናዋን በሎሪው ጀርባ ጭኖ ያመጣው ሾፌር መንገድ ላይ ሻይ ለመጠጣት ሲወርድ በሕይወት እንዳየው ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ በረታ፣ ሙጫው ቀለጠ፣ ሟቹም ማንንም ሳያስቸግር ወረደ። እኔ በሞት ጊዜ የሚባለውን ብዬ እጄን ለዱዓ ስዘረጋለት አባየ አይቶ በጫማው ጀርባዬን አለኝ።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሟቹ ሲነሳ ግን ከሥሩ ሌላ ሰው ተኝቶ ተገኘ። "1200" የሚል፣ የተራ ትንሽ ሞተር ቁጥር ጠባሳ። የብሎን ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ተደፍነዋል፤ ላያቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የፋብሪካ ጽሕፈት በብሎን ነው የሚታሰረው፤ ቱርቦ የተለጠፈው ግን በጫማ ማስቲሽ ነው። እንዴት አወቅህ እንዳይሉኝ፣ የምሠራው ጋረደው ዘንድ ነው። ጋረደው በገዳሪፍ ሎሪዎች ሁሉ ላይ ስምና ዱዓ የሚጽፈው ሰውዬ ነው፤ ክርስቲያን ነው፣ የዐረብኛ ፊደሉ ግን የሼኾቹን ያስንቃል። እኔ ቀለም እበጠብጥለታለሁ፣ አሮጌ ፊደል እፍቅለታለሁ።

ነገሩ እኔን አያሳስበኝም ነበር፤ የሚያሳስበኝ እህቴ ራሒማ ነች። እርስዎ ለአባየ "ቱርቦ መኪና እልካለሁ፣ ለራሒማ የጥሎሽ መህሯ ትሁን" ብለው ከጻፉ ጀምሮ አባየ ሱቁን ከፍቶ በርበሬ መሸጡን ትቶ ቱርቦ ሲሸጥ ነው የሚውለው። "መኪናዋን ዓይኔ ካየቻት ቃሌን እሰጣለሁ" ብሏል። አሁን መኪናዋ ደርሳለች፤ ቃሉ ከአፉ ጫፍ ላይ ነው። ራሒማን ማንም አልጠየቃትም። እሷ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ለነርሶቹ ታስተረጉማለች፤ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ መጥታም ትተኛለች።

በሉ እንግዲህ ይምከሩኝ። ሟቹን እንቅበር፣ ወይስ ምትክ ይልካሉ?

ታናሽዎ ሱሩር ጀማሉ
(ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማረ)


ጅዳ፣ ኅዳር 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሱሩር ጀማሉ

የከበረ ሰላምታዬ ለሐጂ ጀማሉ፣ ለእናትህ ለኡምሰልማ፣ ለራሒማና ለመላው ቤተ ዘመድ ይድረስ። ከተረፈ ላንተም። እኔ በአላህ ቸርነት ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኛል፤ አለቃዬ ያለ እኔ መኪና ውስጥ አይገባም፣ ከመኪናም አይወርድም።

የጻፍከውን አየሁ። ሰው መኪና ሲልክ ዓይኑን ጨፍኖ ማመስገን ነው እንጂ ጭራዋን ገልቦ ማየት የባለጌ ሥራ ነው። "1200" ያልከው እውነት ነው፤ ግን አልገባህም። መኪናዋ ስትወጣ 1200 ነበረች፤ በኋላ አደገች። መኪናም እንደ ሰው ሹመት ታገኛለች። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቀለም በጥባጭ ግን አይጠበቅበትም።

ሐጃ ባሕሪያ ዑምራ መጥታ ስትመለስ አንድ ሳጥን ሰጥቻታለሁ። እዚህና ገዳሪፍ እየተመላለሰች ስለምትነግድ የታመነች ነች፤ ሳጥኑን አትከፍተውም። በውስጡ ሁለት "ቱርቦ"፣ አንድ "ጂ ቲ"፣ አንድ "ስፔሻል" እና ለአፍንጫዋ ክንፍ ያለው አንበሳ አለ። ሁሉም በብሎን ይታሰር። የግቢው በር ተዘግቶ፣ ሰው ሳያይ ይሁን። ጠባሳው በጥሩ ቀይ ይሸፈን። ለአባትህ ምንም አትንገረው፤ ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም።

ሌላው ጉዳይ የራሒማ ነው። ያንን የካምፕ ሥራ እንድትተው ንገራት። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሕዝብ ሲያስልባት የምትውል ሴት ይዤ ጅዳ ልገባ አልችልም። እኔ በሻዕባን መጨረሻ እመጣለሁ፤ ረመዳንን ጾመን ከዒድ በኋላ ሰርጉ ይሆናል። እስከዚያ ቤት ትቀመጥ፣ እጇም ይለስልስ።

ከማሉ


ገዳሪፍ፣ ጥር 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተሿሚዋ መኪና ባለቤት ለጋሼ ከማሉ

ከራስ ጸጉርዎ እስከ አለቃዎ የመኪና ምንጣፍ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባየ ደህና ነው፣ እናቴ ወገቧን ትላለች፣ መኪናዋ ግን በሹመት ብዛት ትንፋሽ አጥሯታል።

ሳጥኑ ደርሷል። ሐጃ ባሕሪያ እንዳሉት የታመነች ነች፣ አልከፈተችውም፤ ግን እየነቀነቀች "ማንኪያ ነው?" ብላ ሰፈሩን ስትጠይቅ ነበር። እንዳዘዙኝ በሩን ዘግቼ ሁሉንም አሰርኩ። ቱርቦ ከኋላ፣ ቱርቦ ከጎን፣ ጂ ቲ በሌላው ጎን፣ ስፔሻል የት እንደሚገባ ስላልነገሩኝ ከኋላው መስታወት በታች። አንበሳውን አፍንጫዋ ላይ አቆምኩት። ክንፉ ሰፊ ስለሆነ እናቴ የሳህን ጨርቅ ታሰጣበታለች። የሱቁ ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ መጥቶ፣ ዙሪያዋን እየዞረ ሁሉንም አስነብቦኝ ሲያበቃ "ይህ ሁሉ ስም የአንድ መኪና ነው? ታስሮ የተፈታ ሽፍታም ይህን ያህል የለው" ብሎ ሄደ።

ጋሼ፣ አንድ ችግር ግን ነበር። ቤንዚን የለም። ከተማው ሁሉ ደርቋል፤ ያለው ለሐኪምና ካምፕ ለሚያገለግል መኪና ብቻ ነው የሚሰጠው። ቱርቦ ያላትም ቱርቦ የሌላትም ያለ ቤንዚን እኩል ነው የሚሄዱት። ስለዚህ መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆመች። አባየ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ገብቶ መሪውን ይይዝና ይቀመጣል። እኔ ከኋላ ጡሩምባ በአፌ እነፋለታለሁ። አንዷ ዶሮ ወንበሩ ሥር እንቁላል ጣለች፤ እሷም የቤቱ ሰው ሁሉ መኪና ሲገባ አይታ ነው።

መልእክትዎን ለራሒማ ነግሬአታለሁ። "እጅሽ ይለስልስ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወጥታ መኪናዋን አየቻት። ሰው ሁሉ ስንት ትሮጣለች፣ ስንት ጉልበት አላት እያለ ነው የሚጠይቀው። እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው።

"ስንት ልጅ ትይዛለች?"

አብራት የመጣችው የካምፑ ነርስ ፋናዬ ነበረች። ያንን ያህል የሚያዝዝ አጭር ሰው አይቼ አላውቅም። ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል የሚላኩ ሕፃናት ሎሪ እየጠበቁ መንገድ ዳር እንደሚውሉ፣ የካምፑ መኪና ከተሰበረ እንደቆየ፣ ከድንበሩ፣ ከወድ ኤል ሒለው በኩል ረሃብ ሸሽቶ የሚመጣው ሰው በየቀኑ እንደሚብስ ለአባየ ነገረችው። አባየ አዘነ፤ ደግሞ ቤንዚን የሚል ቃል ሰማ። "ትሂድ፣ ሰውም ያያታል" አለ። እኔ የጋረደውን ሎሪ በግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ያደረግሁ ስለሆንኩ ሾፌር ተባልኩ።

እንግዲህ አሁን ከኡም ራኩባ ገዳሪፍ እንመላለሳለን። ከኋላ አራት ሕፃን በአግድም፣ ከፊት ራሒማ። የጣሪያዋ መከፈት ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር። የግሉኮስ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ለመያዝ ነው። ራሒማ በጣሪያው ቀዳዳ ቆማ ጠርሙሱን ይዛ፣ ሻሿ እየተውለበለበ ስናልፍ የኬላ ፖሊሶች ሰላምታ ይሰጡናል፤ ሰርግ መስሏቸው ይሁን ሹመት አላውቅም።

ሾፌርዎ ሱሩር


ጅዳ፣ ጥር 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሱሩር

ሰላምታ ለአባትህና ለእናትህ። ላንተ የለኝም።

ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልዋጥ አለኝ። የዚያች መኪና ወንበር ቆዳ ነው። ቆዳ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከፍየል ላይ ያለውን አይደለም የምልህ። የአለቃዬ ልጅ ሲነዳት ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው። በዚያ ላይ ነው እንግዲህ ተቅማጥ ያለበት ልጅ የምታስተኛው? በአንበሳው ላይ የሳህን ጨርቅ?

እኔ መኪና የላክሁት ለክብር ነው። የተራበ መርዳት የመንግሥታትና የፈረንጆች ሥራ ነው፤ ለዚያ ደመወዝ ይበላሉ። በየሜዳው የወደቀውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው ራሱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ራሒማም በጣሪያ ቀዳዳ ቆማ በኬላ ፖሊስ ፊት ማለፏን ሰው ቢያወራብኝ ምን ልል ነው?

ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን መኪናዋ ትግባ። ታጥባ፣ ሽቶ ተረጭታ፣ በሸራ ተሸፍና በሻዕባን ትጠብቀኝ። ለአባትህ ቃል በቃል አንብብለት፤ አትዝለል።

ከማሉ


ጅዳ፣ የካቲት 26 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሱሩር

ጤናህ ይብዛ፣ ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ አይዛል። ላለፈው ደብዳቤዬ መልስ አልላክህም፤ አልቀየምኩም። መንገድ ላይ ጠፍቶም ይሆናል፤ ቢጠፋም ግድ የለም። ደርሶህ ከሆነም ተናድጄ የጻፍኩት ነውና እንዳልተጻፈ ቁጠረው።

ሐጃ ባሕሪያ ሰሞኑን እዚህ ናት። ባለፈው ጁምዓ የጎንደር ሰዎች በምንሰባሰብበት ቤት ተቀምጣ ያየችውን ስታወራ ሰው እንባ በእንባ ሆነ። "ቀይዋ የከማሉ መኪና ባትኖር ስንት ልጅ ያልቅ ነበር" አለች። በማዕረግ ከእኔ የሚበልጡት ሳይቀሩ ተነስተው ትከሻዬን ሳሙኝ። በር አጠገብ እቀመጥ የነበርኩትን ሰውዬ ከላይ አስቀመጡኝ። ወሬው አለቃዬ ዘንድ ደርሶ "ከማሉ፣ አንተ መልካም ሰው ነህ ለካ" አለኝ። "ለካ" ማለቱን ልብ በል።

አሁን የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ሐጃ ባሕሪያ እንዳለችው በመኪናዋ ላይ ስሜ የለም። ሰው ቱርቦ የሚል እያነበበ ያደረገው ቱርቦ የሚባል ሰው ይመስለዋል። ስለዚህ በሁለቱም በር ላይ በወርቅ ቀለም፣ በዐረብኛ፣ "ወቅፍ ሊላህ፣ ከከማሉ" ብለህ ጻፍ። አለቃዬ በመስጊድ በር ባቆመው የውሃ ማቀዝቀዣ ላይ እንደዚያ ነው ያስጻፈው። የሚጠጣው ሁሉ ስሙን ያያል። ከዚያ ፎቶ አስነስተህ ላክልኝ፤ ለጁምዓ ቤት ነው። ከተቻለ ሕፃናቱም ይታዩ፤ ያልታጠቡት ይሁኑ።

ወቅፍ ማለት ለአላህ የተሰጠ፣ የማይሸጥ የማይለወጥ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳታስተምረኝ። እኔ ስመጣ ይፋቃል። አንተ ፊደል መንቀልና መፋቅ ታውቅበታለህ።

ወንድምህ ከማሉ


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለደጉ፣ ለቸሩ፣ ለትከሻ ተሳሚው ለጋሼ ከማሉ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ ለተቀመጡበትም ከፍ ያለ ቦታ።

የጥር ደብዳቤዎ ደርሶኝ ነበር። መኪናዋ ካምፕ ስለነበረች ደብዳቤው ግቢ ገብቶ ብቻውን ቆመ። የየካቲቱ ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው፤ አንድ እጅ የጻፋቸው ናቸው ብሎ የሚያምን የለም።

ለጋረደው ምን እንዳዘዙ ነገርኩት። ብሩሹን የቀለም ጣሳው ላይ አስቀመጠ። የዚህን ሰውዬ ልማድ አያውቁም። ሎሪ ሲሸጥ የሻጩን ስም ይፍቃል፣ የገዢውን ይጽፋል። ሚስት ስትፈታ የሚስቲቱን ስም ይፍቃል። ባለሎሪው ከወንድሙ ሲጣላ "ሁለቱ ወንድማማቾች" የሚለውን ፍቆ "ብቸኛው" ብሎ ጽፎ ያውቃል፤ ሲታረቁም መልሶ። ለዚህኛው ግን፣ "ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። ፍቄ አላውቅም። ፋቅልኝ ብሎ የመጣ ሰውም አልገጠመኝም፤ እኔ የሰው ሃይማኖት ውስጥ እጄን አላስገባም፣ ከፈለግህ አንተው ጻፈው" አለኝ።

ደነገጥኩ ልበልዎ? አልደነገጥኩም፣ ደስ አለኝ። ግን ነገሩ የራሒማ ስለሆነ ሐሙስ እስክትመጣ ጠበቅኋት። ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። "ያልታጠቡት ይሁኑ" ስል ከምትበላው እንጀራ ቀና አለች። "ስመጣ ይፋቃል" ስል ደግሞ ሳቀች፤ ካምፕ ሥራ ከገባች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

"ሱሩር፣" አለችኝ፣ "በትልቁ ጻፍለት።"

ጻፍኩ። በሁለቱም በር፣ በወርቅ ቀለም፣ ከሩቅ እንዲነበብ። እንዳዘዙት ስምዎም አለበት፤ ጋረደው ዳር ቆሞ ካፍ የምትባለዋን ፊደል ብቻ አቃናልኝ። አባየ አማርኛ ማንበብ አይሆንለትም፣ ዐረብኛ ግን ያነባል። ከሱቅ ሲመለስ በሩን አይቶ ቆመ። እጁን ጫነበት፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና መዳፉ ወርቅ ሆነ። "ከማሉ ነው ያዘዘው?" አለኝ። ደብዳቤውን አነበብኩለት። የመጨረሻዋን መስመር ዘለልኩ፤ በማንበብ ደካማ እንደሆንኩ ያውቁ የለ።

አባየ አለቀሰ። እኔ መቼም አባቴ ሲያለቅስ ማየት አልችልም፣ ወጥቼ ዶሮዋን አባረርኩ። በጁምዓ ከሶላት በኋላ ለጀማዓው ሁሉ ተናገረ፤ "ዘመዳችን መኪናውን ለአላህ ሰጠ" አለ፤ ኢማሙም ስምዎን ጠርቶ ዱዓ አደረገ። መስጊድ ሙሉ ሰው አሚን ብሎልዎታል። ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ቦታ ጅዳ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ፎቶው በዚህ ውስጥ አለ። ሕፃናቱ ታጥበዋል፤ ፋናዬ ሳይታጠቡ አላስነሳም አለች። ጥጉ ላይ ጀርባዋን የሰጠችው ራሒማ ነች። ዙሪ ስላት አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታለች።

የወርቅ ቀለም በጥባጭዎ ሱሩር


ጅዳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሱሩር፣ ሰላምታ ለሁሉም

ፎቶው ደርሶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ፤ ጠርዙ አልቋል። "ወቅፍ" የሚለው ከስሜ ለምን እንደበለጠ አልገባኝም፤ ለሌላ ጊዜ ስም ነው የሚተልቀው። ይሁን፣ አልፏል።

አሁን ግን ጨዋታው በቃ። ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ በሻዕባን መጨረሻ መርከብ እሳፈራለሁ። እኔ ገዳሪፍ ሳልገባ የበሩ ጽሕፈት ይፋቅ፣ ቀይ ይቀባ። መኪናዋ የራሒማ መህር ነች፤ መህሯን ይዛ አብራኝ እንድትመጣ እንጂ ለካምፕ እንድትቀር አልላክኋትም። ቱርቦው፣ ጂ ቲው፣ ስፔሻሉና አንበሳው በየቦታቸው ይቆዩ። የወተት ሽታው ይውጣ።

ለአባትህ በጥሩ ቋንቋ አስረዳልኝ። ለስም ያህል እንደነበር ይገባዋል፤ ነጋዴ ነው። ለራሒማ አንድ የእጅ ሰዓት ይዤላታለሁ።

ከማሉ


ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ከማሉ

አሰላሙ አለይኩም። ይህችን ደብዳቤ ዛሬውኑ ወደ ፖርት ሱዳን በሚሄድ ሰው ልኬአለሁ፤ መርከብ ሳይሳፈሩ እንድትደርስዎ ዱዓዬ ነው።

የሚያዝያ ደብዳቤዎን ለአባየ አነበብኩለት። ይህችኛዋን አልዘለልኩም። በጥሩ ቋንቋ አስረዳ ብለውኝ ነበር፤ የእርስዎን ቋንቋ የሚያህል ስላላገኘሁ በራስዎ ቃል አነበብኩለት። "ለስም ያህል" የሚለው ጋ ስደርስ እጁን አንስቶ አስቆመኝና ወደ ግቢ ወጣ። መኪናዋ ያን ጊዜ ከካምፕ መመለሷ ነበር፤ ራሒማ ከኋላ ወንበር ብርድ ልብስ እያወጣች ታራግፍ ነበር። አባየ በሩ ፊት ቆመ።

"ራሱ ነው ያስጻፈው?" አለኝ።

"ራሱ።"

"ስሙ የራሱ ነው?"

"የራሱ።"

"እንግዲያ መኪናዋ የሱ አይደለችም።"

ጋሼ፣ አባየ ያችን መኪና ይወዳት እንደነበር ልነግርዎ ይገባል። ማንም ሳያስተምረው መሪ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አማች ሊያደርጋት የነበረው እሷን ነው፤ እርስዎ ከኋላ ተከትለው የሚመጡ ነበሩ። ደግሞም በጀማዓ ፊት ቆሞ ስምዎን ያስጠራ ሰው ነው፤ አሁን ፍቁት ቢል ምን ብሎ በዚያ መስጊድ ይገባል? ያን ዕለት እራት አልበላም። በማግሥቱ ወደ ኢማሙ ሄዶ ጠየቀ። ኢማሙ ብዙ አልተናገረም አሉ፤ ሰጪው ከሰጠ፣ ሰውም ከመሰከረ፣ ያ ነገር መህርም ውርስም ሽያጭም አይሆንም ብሎ የሻይ ብርጭቆውን አቀረበለት።

አባየ ተመልሶ ራሒማን ጠራት። እናቴ ነበረች፣ እኔ ነበርኩ፣ ፋናዬ ደግሞ ያልተጠራችበት ቦታ ስለማታውቅ ነበረች። አባየ እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጁ ሲናገር አፉ አልለመደም፤ መህሩ እንደሄደ፣ ከመህሩ ሌላ ስለሰውዬው ያወቀው ነገር ፈልጎ እንዳጣ፣ በዚህም እንዳፈረ በዙሪያው ሲዞር ቆየና፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላት። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ፈጅቶበታል፤ እኔ አልወቅሰውም፣ መኪናዋ መንገድ ዘግታበት ነበር።

ራሒማ በእጇ የያዘችውን ብርድ ልብስ አጥፋ ጨረሰች።

"አባየ፣ መኪናዋን ወድጃታለሁ። ሰውዬውን አልፈልገውም።"

ያ ነው መልሱ። አባየ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አልጠየቅናትም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይዛው የቆየች ትመስላለች።

እንግዲህ ጋሼ፣ በሩ አይፋቅም። የሚፍቀው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ እምቢ ብያለሁ፤ ጋረደው በኔ ብቻ ሳይሆን በመላ ገዳሪፍ ብሩሽ ስም እምቢ ብሏል። ሌሎቹ ፊደሎች ግን የእርስዎ ናቸው። ቱርቦዎቹን፣ ጂ ቲውን፣ ስፔሻሉንና አንበሳውን ነቅዬ፣ አጥቤ፣ በዚያው ሳጥን ለሐጃ ባሕሪያ ሰጥቻለሁ። ለሌላ መኪና ሹመት ይሆንዎታል። ሰዓቱን እርስዎ ያድርጉት።

መምጣትዎን ከተዉት ይተዉት፤ ከመጡም ይምጡ፣ ዘመድ ነዎትና ቤት አለ። አባየ አይቆጣዎትም። እንዲያውም በካምፑ ስምዎ የታወቀ ስለሆነ ሰው ይስምዎታል፤ ትከሻዎን ያዘጋጁ። ራሒማ ግን በሥራ ላይ ትሆናለች።

ዛሬ ጠዋት ከኡም ራኩባ ሦስት ሕፃናት ይዘን ነበር። ሁለቱ ሆስፒታል ገብተዋል። አንዷ መንገድ ላይ፣ ሆስፒታሉ ከሩቅ መታየት ከጀመረ በኋላ፣ ራሒማ ጠርሙሱን ይዛላት እንደቆመች አለፈች። እናቷ አብራን ነበረች፤ ልጅቷን ታቅፋ ወርዳ፣ በሩን በቀስታ ዘግታ፣ ስላመጣናት አመሰገነችን። እኔ ቀልድ የማጣ ሰው አይደለሁም፣ ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ይህችን ስጽፍ ነገራችንን ሁሉ መልሼ አየሁት። ከኅዳር ጀምሮ ስንለጥፍና ስንነቅል፣ እርስዎ ሲቆጡና ሲታረቁ፣ እኔ ስስቅብዎ የከረምኩበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ሚስት ፈልጎ አላገኘም፣ ሴቲቱም ተጠይቃ አልፈልግም አለች። እዚህ አገር በዚህ ዓመት ይህ ከወሬ አይቆጠርም። ትንሽ ነገር ነው ጋሼ፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ትንሽ ነገር ነው።

ሱሩር ጀማሉ